ጸሐፊውና ምስክሩ፦ ከወለድ ነፃ ፋይናንስና ብሎክቼይን በታሪክ ዓይን



ባለፈው ወሰነ ትምህርት አንድ ተማሪዬ «ብሎክቼይን የማይፋቅና የማይደለዝ መዝገብ ከሆነ፣ የእስላማዊ ፋይናንስ የመተማመን ችግር ተፈታ ማለት አይደለምን?» ሲል ጠየቀኝ። የዚያን ዕለት መልሴ እኔኑ አላረካኝም፤ ዛሬ የተሻለውን ላቅርብ። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ጥያቄው ከቴክኖሎጂው እጅግ የቀደመ ነው። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የአል-በቀራህ 282ኛው፣ የሚናገረው ስለ ዕዳ ነው፤ የጊዜ ገደብ ያለው ዕዳ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊውም በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክሮችም እንዲቆሙ ያዝዛል። ጽሕፈትና ምስክር አብረው ተጠሩ። በኋላ የመጡት የሕግ ሊቃውንት አብዛኞቹ ግን ሚዛኑን ወደ ምስክሩ አደሉት። ሰነድ በሐሰት ሊዘጋጅ ስለሚችል፣ ለማስታወሻነት እንጂ ብቻውን ለማስረጃነት አይበቃም አሉ። በቃዲው ፊት ውሉን የሚያጸናው ሕያው ሰው ነበር፤ የዚያም ሰው ጠባይ አስቀድሞ ይመረመር ነበር። በጊዜ ሂደት ታማኝነታቸው የተረጋገጠ ቋሚ ምስክሮች፣ «ዑዱል» የሚባሉት፣ የችሎቱ አካል ሆኑ።

ዘመናዊው ሙከራም በትውውቅ ላይ የቆመ ነበር። አሕመድ አል-ነጃር በ1963 በግብጽ ሚት ጋምር ከተማ የጀርመን የቁጠባ ባንኮችን አርአያ አድርገው ያቋቋሙት ባንክ፣ የአካባቢው ሰው ያለ ወለድ እንዲቆጥብና እንዲበደር አስቻለ።

በ2008 ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል የብዕር ስም የወጣው የቢትኮይን ጽሑፍ የሰጠው ተስፋ ከዚህ የተለየ ነው፦ መዝገቡ በብዙ ኮምፒውተሮች ስለሚያዝ ታማኝ አማካይ አያስፈልግም። ሊቃውንቱ በዚህ ተለያዩ። የግብጽ ታላቁ ሙፍቲ በ2018 የቢትኮይን ግብይትን አይፈቀድም አሉ፤ የማሌዥያ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ የሸሪዓ ምክር ቤት በ2020 የዲጂታል ሀብት ግብይትን በመርህ ደረጃ ፈቀደ።

እኔ ግን ከገንዘቡ ይልቅ መዝገቡ ያሳስበኛል። ሙራባሃን እንውሰድ። ባንኩ ደንበኛው የሚሻውን ዕቃ ገዝቶ፣ ባለቤት ሆኖ፣ ትርፉን ገልጾ ይሸጥለታል። ዕቃው በባንኩ ይዞታ ካልገባ፣ ሽያጭ የተባለው በሌላ ስም የወለድ ብድር ይሆናል። ብሎክቼይን «ስንዴው ተገዛ» የሚለው ቃል እንዳይፋቅ ያደርጋል፤ ስንዴው መጋዘን ውስጥ መኖሩን አያይም። ሐሰት ቢጻፍበት ሐሰቱንም እንደ እውነቱ አጽንቶ ያቆያል።

በአገራችን ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በ2011 በመመሪያ ተፈቀደ፤ በ2021 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ። ወደዚህ አገልግሎት ለኅሊናው ሲል የመጣ ደንበኛ የሚጎዳው፣ ያልተገዛ ዕቃ «ተገዛ» ተብሎ ሲመዘገብ ነው።

እንግዲህ ለተማሪዬ እንዲህ እላለሁ፦ ማሽኑ የጸሐፊውን ሥራ ተረክቧል፤ የምስክሩ ወንበር ግን ባዶ ነው። መጋዘኑን ከፍቶ የሚያየው ማን ነው? የእርሱንስ ታማኝነት ማን መረመረ? የጥንቶቹ ቃዲዎች ይህን ሳይጠይቁ አይፈርዱም ነበር።