ተሳፋሪ የሌለው በረራ

«ልጄ፣ ሰው የምትጭነው መቼ ነው?»

አዲስ አበባ በደወልሁ ቁጥር እናቴ ይህን ትጠይቀኝ ነበር። አብራሪ ሆንሁ ባልኋት ዕለት ጎረቤት ጠርታ ቡና ያፈላች ሴት፣ ልጇ ሌሊት ሌሊት ካርቶን እንደሚያመላልስ ስትሰማ ቅር ቢላት አልፈርድባትም። በእርሷ ዓይን አብራሪ ማለት ኮፍያውን ደፍቶ በተሳፋሪ መካከል የሚያልፍ ሰው ነው። እኔ ግን በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ሜዳዎች ላይ፣ ባለ አንድ ሞተር ሴስና ካራቫን ይዤ ብቻዬን እበር ነበር። ከኋላዬ በመረብ የታሰረ ጭነት እንጂ ሰው አልነበረም።

የአገሩ ደንብ ግልጽ ነው። በደመናና በጨለማ በመሣሪያ እየተመራ ጭነት የሚያመላልስ ኃላፊ አብራሪ 1,200 የበረራ ሰዓት ይጠየቃል፤ የመንገደኛ አየር መንገድ ለመግባት ደግሞ በጥቅሉ 1,500 ያስፈልጋል። ስለዚህ ወጣቱ አብራሪ በማስተማርም ጭነት በማመላለስም ሰዓቱን ያጠራቅማል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሏል ይህ ነው።

ይህ መሰላል ግን በእኛ ዘመን የቆመ አይደለም። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በአሜሪካ መደበኛው የአየር ፖስታ የተጀመረው በ1918 ነው። አብራሪዎቹ ጣሪያ በሌለው መቀመጫ ላይ ሆነው፣ ወንዝና የባቡር ሐዲድ እየተከተሉ ደብዳቤ ያደርሱ ነበር፤ ከሠላሳ የሚበልጡትም በዚሁ ሥራ ሕይወታቸውን አጥተዋል። በፌብሩዋሪ 1921 ጃክ ናይት የተባለው አብራሪ በሌሊት ከኖርዝ ፕላት ተነሥቶ ኦማሃ ቢደርስ፣ ደብዳቤውን ተረክቦ የሚቀጥለው ሰው አልተገኘም። ከዚያ በፊት በርሮበት በማያውቀው መስመር ራሱ ቀጠለና ሲነጋ ቺካጎ ገባ። በከፊል መንገዱ ላይ አቅጣጫ ያመላከተው መሬት ላይ የተለኮሰ እሳት ነበር።

እኔ በበረርሁበት ሰማይ ከእኔ በፊት ያለፈ ሌላም ሰው አለ። ቻርልስ ሊንድበርግ ከኤፕሪል 1926 ጀምሮ በሴንት ሉዊስና በቺካጎ መካከል ፖስታ ያመላልስ ነበር። በሴፕቴምበር ወር አንድ ሌሊት ጉም መሬቱን ሸፈነበት፤ ነዳጁም አለቀ። በፓራሹት ዘለለ። ሞተሩን ግን አላጠፋውም ነበርና አውሮፕላኑ ሲያዘቀዝቅ የቀረችው ነዳጅ ደርሳው እንደገና ተነሣ። ባለቤት ያጣው አውሮፕላን ጉሙ ውስጥ በሚወርደው አብራሪ ዙሪያ ይዞር ጀመር። ሊንድበርግ በደኅና ካረፈ በኋላ ስብርባሪውን ፈልጎ ደብዳቤዎቹን አወጣ፤ በባቡርም ወደ ቺካጎ ተላኩ። በኖቬምበርም እንዲሁ ለመዝለል ተገደደ። በሜይ 1927 ብቻውን አትላንቲክን ሲያቋርጥ ዓለም ያን 33 ሰዓት ተኩል አጨበጨበለት። ያን በረራ ያበሰሉት የኢሊኖይ ሌሊቶች ግን አጨብጫቢ አልነበራቸውም።

የእኔንም ሌሊት ላውጋ። ወሩ ጃንዋሪ ነበር። ከመነሣቴ በፊት አንድ ኃላፊ «ሌሎቹ ሄደዋል» አለኝ፤ ትእዛዝ አልነበረም፣ ከትእዛዝ ግን ይከብድ ነበር። ደመናው ውስጥ እንደገባሁ ክንፉ ላይ በረዶ መጋገር ጀመረ። ኃይል ብጨምርም ፍጥነቴ እየወረደ ሄደ። ከኋላዬ ሰው ቢኖር ኖሮ የአንዱ ልጅ ያለቅስ፣ የአንዷ እናት ጸሎት ታደርስ ነበር። ካርቶን ግን አይጮኽም። የሚፈራም የሚፈርድም አንድ ሰው ብቻ፣ እኔው ነበርሁ። ዞሬ ተመለስሁ። በማግሥቱ ያመሰገነኝ የለም፤ ጭነቱ ዘግይቷልና። በበረራ መዝገቤ ላይ የሰፈረው 0.7 ሰዓት ብቻ ነው።

ያን መስመር ዛሬም አየዋለሁ። በፌብሩዋሪ 2009 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በበፋሎ ከተማ አቅራቢያ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች አለቁ። የ1,500 ሰዓቱ ደንብ የመጣው ከዚያ አደጋ በኋላ ነው፤ በ2013 ሥራ ላይ ዋለ። ይሁን እንጂ የዚያ አውሮፕላን ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ በርረው ነበር። ሰዓት ይቆጠራል፤ በሰዓቱ ውስጥ የተደረገው ውሳኔ ግን አይቆጠርም። የጭነት በረራ ያስተማረኝ ይህንኑ ነው።

በአገራችንም ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኤፕሪል 8 ቀን 1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ፣ የያዛቸው አውሮፕላኖች ከጦርነት የተረፉ ሲ-47 ነበሩ። በእነዚያ አውሮፕላኖች ተሳፋሪው ግድግዳ በታከከ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ጭነቱ መሐል ላይ ይታሰራል። አብራሪዎቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ኢትዮጵያዊው ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን የአዛዥነቱን ወንበር የያዙት በ1957 ነው።

ይህን አንድ ቀን በስልክ ለእናቴ አወራሁላት። የጅማ ልጅ ናት። ዝም ብላ ሰማችኝና በልጅነቷ አውሮፕላን ሲያርፍ ለማየት ከእኩዮቿ ጋር ትሮጥ እንደነበር ነገረችኝ። ከውስጡ ማን እንደወረደ አታስታውስም፤ አንድ ጊዜ መድኃኒት የያዙ ሣጥኖች ሲወርዱ ማየቷን ግን አልረሳችም።

ጥቂት ቆይታ፣ «ለመሆኑ አንተስ ምን ጭነህ ነው የምታድረው?» አለችኝ።

ከዚያ በፊት ጠይቃኝ አታውቅም ነበር።