ተወዳዳሪ የማይበዛበትን የትምህርት ክፍል መምረጥና የምደባ ዕድል

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ተማሪ የሚማርበት የትምህርት ክፍል የሚወሰነው በፍላጎቱ ብቻ ሳይሆን በውጤቱና በክፍሉ የቅበላ አቅም ጭምር ነው። በዚህም ምክንያት በርካታ ተማሪዎችና ወላጆች ተወዳዳሪ የማይበዛበትን መስክ መምረጥ ዕድልን ያሰፋ እንደሆነ ይጠይቃሉ። መልሱ እንደየደረጃው ይለያያል።

1. ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባት

ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ማለፊያ 50 ከመቶ ነው። ይህ መስፈርት ተማሪው ወደፊት ሊሰማራበት ባሰበው ሙያ አይለወጥም። ሕክምና ለመማር ያሰበም ሆነ ስታቲስቲክስ የመረጠ የተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኝ የሚመዘነው በአንድ ዓይነት ፈተና ነው። ማለፊያውን ሳያገኙ ለሪሜዲያል ትምህርት የተመረጡ ተማሪዎችም ፕሮግራሙን በብቃት ማጠናቀቅ ይጠበቅባቸዋል። ስለሆነም በዚህ ደረጃ የመስክ ምርጫ የሚያቃልለው መሰናክል የለም።

2. በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚደረግ ምደባ

ምርጫው ለውጥ የሚያመጣው ከቅበላ በኋላ ነው። ተማሪዎች በአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶችን ይወስዳሉ፤ ከዚያም የሚፈልጓቸውን የትምህርት ክፍሎች በቅደም ተከተል ይሞላሉ። ምደባው በውጤት ቅደም ተከተል ብቻ በሚከናወንበት ተቋም፣ ተማሪው ተራው ሲደርስ ከምርጫዎቹ መካከል ክፍት ቦታ ያለው የመጀመሪያው ይሰጠዋል። በዚህ አሠራር አብልጦ የሚፈልገውን አንደኛ አድርጎ መሙላቱ ሁለተኛ ምርጫውን አያሳጣውም። በአንጻሩ ውድድሩን ፈርቶ ያልፈለገውን ክፍል አንደኛ ያደረገ ተማሪ፣ ውጤቱ ለሚፈልገው ክፍል የሚበቃ ቢሆን እንኳ በዚያው ሊመደብ ይችላል።

አንደኛ ምርጫቸው ላደረጉት ቅድሚያ የሚሰጥ ተቋም ካለ ስሌቱ ይለወጣል። ስለዚህ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት የተቋሙን የምደባ መመሪያ ከሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

3. ተቀራራቢ መስክን በተከታይ ምርጫነት መያዝ

ተወዳዳሪ የማይበዛባቸው ክፍሎች ተገቢ ቦታቸው ከዋናው ምርጫ ቀጥሎ ነው። ሕክምናን ያስቀደመ ተማሪ የሕክምና ላቦራቶሪን፣ ነርሲንግን ወይም የሕብረተሰብ ጤናን ሊያስከትል ይችላል፤ ኮምፒውተር ሳይንስን ያስቀደመም ኢንፎርሜሽን ሲስተምስን ወይም ስታቲስቲክስን። የተፈላጊነት ደረጃ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ስለሚለያይ የቅርብ ዓመታት የቅበላ ቁጥርና የመጨረሻ መግቢያ ነጥብ መጠየቅ ይጠቅማል።

4. ከምደባ በኋላ ያለው ኃላፊነት

ቦታ ማግኘት የመጨረሻው ግብ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች በተማሩበት መስክ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። ለመግባት ስለቀለለ ብቻ የተመረጠ፣ ተማሪው ግን ዝንባሌ የሌለው መስክ በዚህ ፈተና ላይ ሊከብደው ይችላል። ክፍል መቀየርም በተቋሙ ፈቃድና በክፍት ቦታ መኖር ላይ የተመሠረተ ስለሆነ በኋላ ይስተካከላል ተብሎ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ቅጹን ከማስረከብ በፊት

• የምደባ መመሪያውንና የማመልከቻውን የጊዜ ገደብ ማረጋገጥ፤
• በመመሪያው የተፈቀደ የልዩ ድጋፍ መብት ያላቸው፣ ለምሳሌ አካል ጉዳተኞች፣ ማስረጃቸውን በወቅቱ ማቅረብ፤
• የሚመረጡትን ክፍሎች የኮርስ ዝርዝር መመልከትና ነባር ተማሪዎችን ማነጋገር፤
• በዝርዝሩ ውስጥ ተማሪው ቢመደብበት ሊማረው የማይፈቅደውን ክፍል በግዴለሽነት አለማስቀደም።