ቅድመ ስንብት፦ አዲስ የፓይተን ቨርዥን ሲወጣ ለአሮጌው ኮድ የሚሰጠው ጊዜ

ፓይተን የተባለው ክፍት ምንጭ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኦክቶበር አዲስ ቨርዥን ያወጣል። 3.14 የወጣው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2025 ነው። ዜናው ሲሰማ ብዙው ሰው «ምን ተጨመረ?» ይላል። ሥራ ላይ ያለ ሲስተም በእጁ ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ማየት ያለበት ሌላ ዝርዝር አለ፤ «ዴፕሪኬሽን» በሚል ርዕስ የሚወጣው።

ዴፕሪኬት የተደረገ ነገር ገና አልጠፋም። ሲጠሩት ይሠራል፣ ውጤቱንም እንደ ድሮው ይሰጣል። አዘጋጆቹ ግን ወደፊት እንደሚያነሡት አስታውቀዋል፤ አዲስ ኮድ አይጻፍበት፣ የተጻፈውም ቀስ በቀስ ይለወጥ ማለታቸው ነው። ለዚህ በአማርኛ «ቅድመ ስንብት» የሚለውን አቀርባለሁ። «የተሻረ» አይሆንም፤ የተሻረ ነገር አይሠራም። «ጊዜው ያለፈበት» ደግሞ ነቀፋ ብቻ ነው፣ ስለሚመጣው መነሣት አይናገርም። «ቅድመ ስንብት» ግን ሁለቱንም ይይዛል፦ መሄዱ ተቆርጧል፣ ገና አልሄደም። ለንግግርም ይመቻል። «ይህ ፈንክሽን ቅድመ ስንብት ተሰጥቶታል፣ በሚቀጥለው ቨርዥን ይሰናበታል» ሲባል ፕሮግራመር ያልሆነ ሥራ አስኪያጅም ይገባዋል።

በ2013 ዓ.ም. መስከረም የብር ኖቶች ሲለወጡ አሮጌው ብር በአንድ ጀንበር ተራ ወረቀት አልሆነም፤ መቀየሪያ ሦስት ወር ተሰጠው። ቅድመ ስንብትም እንዲሁ ያለ የመሸጋገሪያ ጊዜ ነው፣ ርዝመቱ ግን ይበልጣል። በፓይተን ደንብ መሠረት አንድ ነገር ከመነሣቱ በፊት ማስጠንቀቂያው ቢያንስ ለሁለት ቨርዥኖች መቆየት አለበት።

ሲጂአይ የተባለውን ሞጁል እንውሰድ። በድረ ገጽ መጀመሪያ ዘመን ከሰርቨር ጋር ለመነጋገር የሚያገለግል ነበር። እሱንና ሌሎች ያረጁ ሞጁሎችን የማንሣት ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2019 ማንም ሊያነበው በሚችል ሰነድ ቀረበ። በ2022 የወጣው 3.11 ቅድመ ስንብት ሰጣቸው። በ2024 የወጣው 3.13 ደግሞ 19 ሞጁሎችን በአንድ ላይ አሰናበተ፤ ሲጂአይ ከነዚህ አንዱ ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ግን ስንብቱ ሞት አልሆነም፤ አሁንም ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ሞጁሉን ለብቻው ጠብቀው የሚያቀርቡ በጎ ፈቃደኞች ተገኝተዋል። የክፍት ምንጭ ትልቁ ጸጋው ይኼ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 ፓይተን 3.0 ሲወጣ ከፓይተን 2 ጋር ሆን ተብሎ እንዳይጣጣም ተደርጎ ነበር። ከለውጦቹ አንዱ እኛን በቀጥታ ይነካናል። በፓይተን 2 «ሰላም» የሚለውን ቃል ጽፈን ርዝመቱን ብንጠይቅ፣ ዩኒኮድ መሆኑን ለይተን ካልነገርነው በቀር፣ በተለመደው ዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ መልሱ 9 ነበር። ቋንቋው የሚቆጥረው ባይት ነበር፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ሦስት ባይት ይወስዳል። የመጀመሪያውን ፊደል ስጠን ብንለው የ«ሰ»ን ሲሶ ቆርጦ የማይነበብ ነገር ያመጣ ነበር። ፓይተን 3 ያንኑ ጥያቄ 3 ብሎ ይመልሳል። ተለዋዋጮችንም «ስም»፣ «ዕድሜ» እያሉ በግዕዝ ፊደል መሰየም ተችሏል። ለአማርኛ ጸሐፊ ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ በቋንቋው ታሪክ አላውቅም።

ትክክለኛ ለውጥ ቢሆንም ዋጋው ከባድ ነበር። በጣም ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ስለተለወጠ አያሌ ድርጅቶችና ላይብረሪዎች ለዓመታት በአሮጌው ላይ ቀሩ። የፓይተን 2 ድጋፍ በ2015 ሊያበቃ ታስቦ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ተራዘመ። ከ3.9 ወዲህ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየለወጡ፣ የሚነሣውን አስቀድሞ እየነገሩ መሄድ የተሻለ መንገድ መሆኑን እያየን ነው።

ችግሩ ማስጠንቀቂያው ብዙ ጊዜ አለመታየቱ ነው። ጉዳዩ በምታስነሡት ዋና ፋይል ውስጥ ካልሆነ በቀር ፓይተን የቅድመ ስንብት ማስጠንቀቂያን ይደብቃል፤ ተጠቃሚው ሊያስተካክለው በማይችለው መልእክት እንዳይደናገር ነው። ፕሮግራመሩ ግን ሊያየው ይገባል። ስለዚህ ወደ አዲስ ቨርዥን ከመሻገራችሁ በፊት፣ አሁን ባላችሁበት ቨርዥን ላይ የማስጠንቀቂያውን አማራጭ አብርታችሁ ፕሮግራማችሁን ራን አድርጉት። የሚወጣውን ዝርዝር ከነመስመር ቁጥሩ መዝግቡ፣ እያንዳንዱ በየትኛው ቨርዥን እንደሚሰናበት አጠገቡ ጻፉ፣ ቀኑ የቀረበውንም አስቀድማችሁ አስተካክሉ።