በአል ዐይንና በአቡ ዳቢ ምድር ስለ ነበሩ ነብሮች፣ ከእነርሱም ጋራ ስለ ኖሩ ሰዎች

የመነኮሳትና የአራዊት ታሪክ ከጥንት ጀምሮ ተለያይቶ አያውቅም፤ ወደ በረሓ የወጣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው ጎረቤት አውሬ ነውና። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አናብስትና ከ60 አናምርት ጋራ መኖራቸውን፣ አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባም በአንበሳ ላይ ተቀምጠው መሄዳቸውን በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተሥሎ ያላየ ተሳላሚ የለም። ይሁን እንጂ በዚህ የመቶኛ ዓመት መታሰቢያ መጽሐፍ ልጽፈው የወደድሁት ከባሕር ማዶ ስላለ አገር ነው፤ ይኸውም ከሕዝባችን ብዙ ወንዶችና ሴቶች ልጆች እንጀራ ፍለጋ የሚሄዱበት የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ምድር፣ ከእርሱም አቡ ዳቢና አል ዐይን ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

አል ዐይን ከባሕር ርቃ በኦማን ጠረፍ የምትገኝ፣ በቴምር ዛፍ የተሸፈነች ጥንታዊ ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ከምንጭ ነው፤ ዐይን በግእዝም በዓረብኛም ማያ ዐይን ነው፤ በዓረብኛ ደግሞ የውሃ መፍለቂያ ይባልበታል፤ እኛም የምንጭ ዓይን እንላለን። ሰዎቹ ውሃውን ከተራራው ግርጌ ከመሬት በታች በተፈለፈለ ቦይ እየሳቡ ያመጡ ነበር፤ ይህን ቦይ ፈለጅ ይሉታል፤ የጥንቶቹ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደ ተሠሩ ሊቃውንት አረጋግጠዋል። ከከተማይቱ በስተደቡብ ጀበል ሐፊት የሚባል ራቁቱን የቆመ ደንጊያማ ተራራ አለ፤ ከፍታው 1,240 ሜትር ያህል ነው።

ስለ ቃል ካነሣሁ ጥቂት ልጨምር፤ የቅኔና የመጻሕፍት መምህራን ይህን ነገር ይወዱታልና። ዓረቦች ነብርን ኒምር ይሉታል፤ በግእዝ ነምር ነው። ጅብን ደቡዕ ይሉታል፤ በግእዝ ፅብዕ ነው። ተኵላን ዚእብ ይሉታል፤ በእኛ መጻሕፍት ዝእብ አለ፤ ምንም እንኳ ትርጓሜው በእኛ ዘንድ አንዳንዴ ወደ ጅብ ቢያዘነብል። እንግዲህ በቀይ ባሕር ማዶና ማዶ የኖሩ እረኞች አንድ ቋንቋ ተለያይቶ ብዙ ከመሆኑ በፊት ጀምረው በእነዚሁ አራዊት ላይ ይጮኹ ነበር ማለት ነው።

በአል ዐይን አጠገብ ሂሊ በሚባለው ስፍራ ከ4,000 ዓመት በላይ ያስቈጠረ ትልቅ ክብ መቃብር አለ። በ1960ዎቹ የዴንማርክ ሊቃውንት ቈፍረው መረመሩት፤ በኋላም የወደቁት ደንጊያዎች ወደ ቦታቸው ተመልሰው ተሠራ፤ በ2011 ከአል ዐይን የጥንት ቅርሶች ጋራ በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። በመግቢያው ደንጊያ ላይ ሁለት ትልልቅ የድመት ወገን አራዊት አንዲት ሚዳቋ ሲበሉ ተቀርጸዋል፤ በሌላው በር ላይ ደግሞ ሰዎች በሁለት ሳላዎች መካከል ቆመው ይታያሉ። አራዊቱ ነብር ይሁኑ ወይም አቦ ሸማኔ፣ ሠሪው በዓይኑ ያያቸው ይመስለኛል። የሚያስደንቀኝም ሙታናቸውን የሚያሳርፉበትን ቤት በር ሊያስጌጡ ሲፈልጉ ከሰው ሌላ የመረጡት አውሬን መሆኑ ነው።

ከአል ዐይን ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ በሚዘረጋው በሐጀር ተራራ ይኖር የነበረው የዓረብ ነብር ከእኛው ነብር ያነሰ ነው፤ ተባዕቱ 30 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ቀለሙም የነጣ ነው። የሚበላው የተራራ ፍየልና ሚዳቋ ነበር፤ እነዚህ ሲያንሱበት ግን ወደ እረኛው ፍየል ይወርዳል። ተራራ የሚኖሩ ሰዎችም ወጥመድ ይሠሩለት ነበር፤ ደንጊያ ደርድረው ጠባብ ዋሻ ያበጃሉ፣ በውስጡ ሥጋ ያስራሉ፣ ነብሩ ገብቶ ሥጋውን ሲስብ ከበላዩ የተንጠለጠለው ጠፍጣፋ ደንጊያ ወርዶ በሩን ይዘጋበታል። በዚህ ሰዎቹን መንቀፍ አይገባም። አሥር ፍየል ብቻ ያለው ሰው በአንዲት ሌሊት ሦስት ቢጠፋበት የልጆቹ ወተት ጠፋ ማለት ነውና። ደግሞም ወጥመዱ በየቀኑ ሁሉን የሚይዝ አልነበረም፤ በዚህ ዓይነት ሰውና ነብር እየተጣሉ ሳይጠፋፉ ብዙ ሺህ ዓመት ኖሩ።

በዚያው ምድር መነኮሳትም ነበሩ። ከአቡ ዳቢ ከተማ በስተምዕራብ ሲር ባኒ ያስ በምትባል ደሴት በ1992 የገዳም ፍርስራሽ ተገኘ፤ በመካከሉ ቤተ ክርስቲያን፣ በዙሪያው የመነኮሳት ቤቶች አሉት፤ በኖራ ልስን ላይ የተቀረጹ መስቀሎችም ተገኝተዋል። በ7ኛውና በ8ኛው መቶ ዓመት ሰዎች ኖረውበት በሰላም እንደ ተለቀቀ መርማሪዎቹ ይናገራሉ። በ2025 እንደ ገና በተደረገ ቍፋሮ አንድ የኖራ መስቀል መገኘቱ ተነገረ። መነኮሳቱ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን የተባለችው ወገን ናቸው፤ በሃይማኖት ከእኛ የተለዩ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ሙቀትና ጨው መካከል መጸለያቸውን ማቃለል አይቻልም። በየብስ ከሚዞረው ተኵላ የባሕሩ ውሃ እንደ ቅጽር ይጠብቃቸው ነበር ብዬ አስባለሁ።

የአራዊቱ መጥፋት የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው። በ1958 በአቡ ዳቢ ነዳጅ ዘይት ተገኘ፤ በ1962 ለመጀመሪያ ጊዜ ተጭኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጥይት በዛ፤ መኪና ግመል ወደማይደርስበት አሸዋ ገባ፤ ሚዳቋውና ሳላው ታድኖ አለቀ። ምግቡ ያለቀበት አውሬ ደግሞ ወደ በረት መጣ፤ በረት የመጣውም ተገደለ ወይም በመርዝ ሞተ። ተኵላውና ባለ ሽንትሩ ጅብ ከኤሚሬቶች ዱር ጠፉ። አቦ ሸማኔ በዓረብ ምድር በመጨረሻ የተገደለው በ1970ዎቹ ነው። ነብሩ በሰሜኑ ተራራ እስከ 1990ዎቹ ቆይቶ እርሱም ጠፋ፤ በ1993 ስለ እርሱ የሚቈረቈሩ ሰዎች ማኅበር ቢያቋቁሙም ጊዜው አልፎ ነበር። ዛሬ በዱር የቀረው የዓረብ ነብር ከ200 የማይበልጥ ነው፤ ከእርሱም ዋነኛው በኦማን በዶፋር ተራራ ይኖራል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ግን የእኛንም አገር ይነካል። አውሬው ከዱር በጠፋበት አገር ባለጠጎች አውሬን ለጌጥ በቤታቸው ማሳደር ጀመሩ፤ ከሁሉም ይልቅ አቦ ሸማኔን ወደዱ። ግልገሎቹ የሚመጡት ከወዴት ነው? ከምሥራቅ ኢትዮጵያና ከሶማሌ ምድር ነው። ፍየሉ የተበላችበት እረኛ እናቲቱ ወጥታ ሳለች ግልገሎቿን ከጎሬ ያወጣል፣ ለነጋዴ በጥቂት ብር ይሸጣል፤ ነጋዴውም ወደ ሶማሌላንድ ጠረፍ ወስዶ በጀልባ ወደ የመን ያሻግራቸዋል። ወተት ሳይጠግቡ በሣጥን የተዘጉት ግልገሎች ብዙዎቹ በመንገድ ይሞታሉ። ከአዘዋዋሪዎች እጅ የተነጠቁትን የሚያሳድግ መጠለያ በሐርጌሳ በኩል ተሠርቷል፤ ነገር ግን ያለ እናት ያደገ አቦ ሸማኔ አደን አያውቅምና ወደ ዱር መመለሱ ጭንቅ ነው። የኤሚሬቶች መንግሥት በ2016 ባወጣው ሕግ ቍጥር 22 ማንም ግለሰብ አደገኛ አውሬ በቤቱ እንዳያኖር ከልክሏል፤ አውሬ ይዞ በአደባባይ የታየም ከእስራት ጋራ ከ10,000 እስከ 500,000 ድርሃም ይቀጣል። ሕጉ መልካም ነው። ቢሆንም ገዢው ወገን ሲከለከል ሻጩ እረኛ የተበላችበትን ፍየል ማን እንደሚተካለት እስካልታወቀ ድረስ፣ ሌላ ገዢ ከሌላ አገር መምጣቱ የሚቀር አይመስለኝም።

በእኛ ዘንድ ከአውሬ ጋራ መኖር እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። በሐረር ጅብ በሌሊት በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ ሲዞር የሚደነግጥ የለም። የቆሎ ተማሪ የነበረ ሁሉ በትር ይዞ ከመንደር መንደር ሲሄድ ከውሻ ይልቅ ጅብን በትዕግሥት ማሳለፍ እንደሚቀል ያውቃል። ከዚህ ሁሉ ግን ለካህናት የሚገባው የዐቢይ ጾም ነገር ነው። በትግራይ የጅብን ኵስ እየሰበሰቡ በውስጡ ያለውን ጠጕር የመረመሩ ሊቃውንት በ2012 እንደ ጻፉት፣ ሕዝቡ 55 ቀን ከሥጋ ሲከለከል፣ ዕርድ ስለሚቀር ጅቡ የሚለቅመው አጥንትና ቍርበት ያጣል፤ ስለዚህ አህያ ወደ ማደን ይመለሳል። ከጾሙ በፊት ከመቶ 15 ያህሉ ኵስ የአህያ ጠጕር ሲገኝበት፣ በጾሙ ወራት ወደ 33 ከፍ ብሏል፤ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ወደ 22 ወርዷል። እንግዲህ የእኛ ጾም ለድኻ ገበሬ አህያ የጭንቅ ወራት ነው። በጾም ጊዜ አህያን ከቤት አስገብቶ ማሳደር እንደሚገባ በስብከት ቢነገር ከሥርዓት የወጣ አይመስለኝም፤ አህያዋ የሞተችባት መበለት ውሃና እንጨት በጀርባዋ ትሸከማለችና።

ወደ አል ዐይን ልመለስ። ሼኽ ዛይድ የአቡ ዳቢ ገዢ ከሆኑ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ በጀበል ሐፊት ግርጌ የአራዊት ማኖሪያ አቋቋሙ፤ ከዱር ሊጠፋ የደረሰው የዓረብ ሳላም በዚያ እንዲራባ ተደረገ። ሲር ባኒ ያስ ደሴትንም ለአራዊት መጠበቂያ አደረጓት። በኋላ አቦ ሸማኔና ባለ ሽንትር ጅብ ገቡባት፤ በ2010 አቦ ሸማኔ በደሴቲቱ መስክ ላይ ወለደች። መነኮሳቱ በኖሩባት ደሴት ዛሬ ሚዳቋ የሚያድን አውሬ አለ፤ ነገር ግን በሰው እጅ የመጣና በሰው የሚጠበቅ ነው።

በራሱ ፈቃድ የመጣ አንድ አለ። በ2019 የአቡ ዳቢ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጀበል ሐፊት ላይ ባኖራቸው የፎቶግራፍ መሣሪያዎች ካራካል የሚባለው፣ ከነብር የሚያንሰውና በጆሮው ጫፍ ጥቁር ጠጕር ያለው የዱር ድመት ታየ። በአቡ ዳቢ ግዛት ከታየ 35 ዓመት ሆኖት ነበር። ከሂሊ መቃብር በር ያለ ደመና በጠራ ቀን ያ ተራራ ይታያል።