የአሮጌው ሐዲድ ባለአደራዎች

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት፣ ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። የመንገዱም ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

ድሬዳዋ ከሐዲዱ ጋራ የተወለደች ከተማ ናት። በባቡሩ መጠገኛ ቤት ብዙዎች የእጅ ሙያንና ፈረንሳይኛን ተማሩ።

አዲሱ ባለኤሌክትሪክ ሐዲድ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ዘመናቸው ያለፈ መኪናዎች በአሮጌው ቅጥር ቆመው ነበር። ነገር ግን ዕድሜያቸውን በሥራው የፈጁ አንዳንድ አረጋውያን እንግዳ በመጣ ጊዜ በፈቃዳቸው እየመሩ የእያንዳንዱን መኪና ጠባይ ሲያስረዱ ታይተዋል።

ብረት ዝገትን ቢቋቋም እንኳ ስለ ራሱ አይናገርም። ስለዚህ እንዲህ ያሉ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ተማሪዎችን ይዞ መሄድ፣ ቃላቸውንም ማስጻፍ የመምህራን ፋንታ ነው።