ቂሌና እግር ኳስ፦ ማን ማንን አባረረ?

«እግር ኳስ የአገራችንን ጨዋታ ገደለው» የሚል ክስ በካፌም በዶርምም እንሰማለን። ክሱ ለጆሮ ይጥማል፤ ጥፋተኛው ከውጭ የመጣ ስለሆነ እኛን ከደሙ ንጹሕ ያደርገናል። ግን የታሪክ ተማሪ ክስ ሲሰማ ማስረጃ መጠየቅ አለበት አይደል? እስቲ ነቀምትን፣ ጊምቢን፣ ደምቢ ዶሎንና ሻምቡን እያሰብን ነገሩን እንመርምረው።

በመጀመሪያ ተበዳዩን እንወቀው። በአማርኛ ገና የምንለው ጨዋታ በኦሮምኛ ቂሌ ይባላል። በሁለቱም ቋንቋ በዓሉና ጨዋታው በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ፣ ከእንጨት የተጠረበ ወይም ከቆዳ የተሠራ ጥንግ፣ ሁለት ወገን፤ በቃ፣ ጨዋታው ተጀመረ። ሜዳው የኖራ መስመር አያውቅም፤ የተጫዋቹም ቁጥር በመጣው ሰው ልክ ነው። የላይ ሰፈር ከታች ሰፈር ይገጥማል። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት የጌታን ልደት የሰሙ እረኞች ከደስታ የተነሣ በበትራቸው ጥንግ መቱ ይላል። የገበሬው ምክንያት ደግሞ ከመሬቱ የመጣ ነው። በታኅሣሥ ዝናቡ አባርቷል፣ መሬቱ ደርቋል፣ እህሉ የተነሣለት ማሳ ባዶውን ተዘርግቷል፤ ወጣቱም ከአጨዳው ፋታ አግኝቷል። ታዲያ ለሩጫ ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል?

እግር ኳስ የገባው በሌላ በር ነው፤ በትምህርት ቤት በር። በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ክለብ እንይ። የክለቡ ዝነኛ ተጫዋች፣ ኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚደንት የሆኑት ይድነቃቸው ተሰማ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ልጅ ነበሩ። በክፍለ ሀገር ከተሞችም ቢሆን ኳሱ የተለመደው ከደወሉና ከክፍሉ ጋር ነው። ስለዚህ ትልቁ የሰፈር ውድድር ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በክረምት ሆነ። የወለጋን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ኳሱ ጭቃ ጠጥቶ ድንጋይ ያህል እስኪከብድ ድረስ ይጫወቱበታል።

አንባቢ ልብ ይበል፤ አንዱ የሐምሌና የነሐሴ፣ ሌላው የታኅሣሥና የጥር ነው። አንዱ ለሌላው ቦታ ይለቅ ነበር እንጂ አይጋፋም ነበር። በክረምት ኳስ የለጋው ልጅ በታኅሣሥ ዱላ ቆርጦ ይወጣል፤ ሳንባውም እግሩም ያው ነው። አገራችን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችበት ቀን እንኳ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር፤ ገና ከዋለ ልክ በሁለት ሳምንቱ። በዚያ ጥር «ወይ ኳስ ወይ ገና» ብሎ ምርጫ ያቀረበ ባለሥልጣን አልነበረም።

ምርጫ የቀረበበት አገር ግን አለ። ባሕር ተሻግረን አየርላንድን እንይ። እዚያ ጌሊክ ፉትቦል የሚሉት፣ በየወገኑ 15 ሰው ሆኖ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት የራሳቸው ኳስ አለ። በዱላ የሚመቱት ሀርሊንግም አላቸው፤ እሱ የቂሌ የሩቅ ዘመድ ቢባል ያምርበታል። የሚያስተዳድራቸው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1884፣ አገሪቱ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ሳለች ነው። ማኅበሩ የእንግሊዝ የሚላቸውን ጨዋታዎች ከለከለ፤ እግር ኳስ የተጫወተ አባል ይባረር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 የአገሪቱ ፕሬዚደንት ዳግላስ ሃይድ አየርላንድ ከፖላንድ ጋር ያደረገችውን የእግር ኳስ ግጥሚያ ስለተመለከቱ ብቻ ከማኅበሩ የክብር ጠባቂነት ተሰረዙ። ሰውየው እኮ የአይሪሽን ቋንቋ ለማዳን ዕድሜያቸውን የሰጡ ናቸው!

ልጆቹስ ምን አደረጉ? የእግር ኳሱ ሊግ ለረጅም ዘመን በብርዱ ወራት፣ ጌሊኩ ደግሞ በሞቃቱ ወራት ይካሄድ ነበር። ስለዚህ አንዱ ሲያርፍ ወደ ሌላው መሻገር ያጓጓል፤ ስሙን እየለወጠ የተጫወተም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ክልከላው ተነሣ። ታዲያ የተፈራው ጥፋት ደረሰ? አልደረሰም። ኬቪን ሞራን የሚባል ጎበዝ በ1976ና በ1977 ከደብሊን ቡድን ጋር የጌሊኩን ዋንጫ አነሣ፤ በ1978 ማንቸስተር ዩናይትድ ገባ። ጌሊክ ፉትቦልም ዛሬ የፍጻሜ ግጥሚያውን ከ80 ሺህ ሕዝብ በላይ በሚይዘው ክሮክ ፓርክ ያደርጋል።

እንግዲህ ያንን ጨዋታ ያቆመው ምንድን ነው? በየአጥቢያው የተተከለ ክለብ፣ የታወቀ ወቅትና በየዓመቱ የማይቀር ግጥሚያ። የእኛን ቂሌ ደግሞ ማንም አልከለከለውም፤ ተጫዋቹንም ማንም አልቀጣውም፤ ሆኖም በከተማ እየቀዘቀዘ ሄደ። ማሳው ቤት ተሠራበት። በዓሉ የጨዋታውን ስም እንደያዘ ከምግብና ከቴሌቪዥን ጋር ቀረ። ነቀምት የእግር ኳስ ክለብ አላት፣ ስታዲየም አላት፤ ክለቡም የውድድር ፕሮግራም አለው። ቂሌ ግን በሰፈር ደረጃ ምን አለው? እርግጥ ነው፣ የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን በአገር አቀፍ ውድድሩ የገናን ጨዋታ ያካትታል፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የተመረጡ ጥቂቶች በዓመት አንድ ጊዜ ቢገናኙ ሰፈሩ ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

«በጽሑፍ እናስቀምጠው» የሚል ይኖራል። ጽሑፍን አልንቅም። አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተሙት የኦሮምኛ መማሪያ የሕዝቡን ተረትና ግጥም ከመረሳት አድነዋል፤ አናሲሞስ በኋላ ነቀምት ላይ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ግን ተረት በወረቀት ላይ ቢተኛ አንባቢ ሲያገኝ ይነሣል። ጨዋታ ሯጭ ይፈልጋል፤ ዱላው እጅ፣ ጥንጉም ሜዳ ይፈልጋል።

ስለዚህ ክሱ ይነሣ፤ እግር ኳስ በነፃ ይለቀቅ። እንዲያውም ምስክር ብቻ ሳይሆን ረዳት ይሁን። የክረምት ዋንጫ የምታዘጋጁ የወለጋ ልጆች ቡድን አላችሁ፣ ማሊያ አላችሁ፣ ዳኛ አላችሁ፣ ተፎካካሪ ሰፈርም አላችሁ። ዋንጫው መስከረም ሲገባ ካለቀ በኋላ ቡድኑ አይበተን። ያው አሥራ አንድ ልጅ፣ ያው ማሊያ፣ በገና ማግስት ዱላ ይዞ ያንኑ ሰፈር ይግጠም። ሕጉን ከየሰፈሩ ሽማግሌ እየጠየቁ ማስተካከል ይቻላል። ወጪው አንድ ዱላና አንድ ጥንግ ነው፤ የቀረው እግር ኳሱ ያሠለጠነው ጉልበት ነው።