ከመቶ ግመል እስከ መስታወት ካሜራ፦ የመኪና አደጋ ሙግት በካርቱም

ነጭ አባይና ጥቁር አባይ በሚገናኙበት ስፍራ በተቆረቆረችው ካርቱም፣ የመኪና አደጋ የሚዳኝበት ሕግ ከመኪናው በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ሁለት ፈረሰኞች ተጋጭተው ሁለቱም ቢሞቱ የደም ካሳው እንዴት ይከፈላል በሚለው ጥያቄ ላይ በመካከለኛው ዘመን አጥብቀው ተከራክረዋል። በሱዳን ሕዝብ ዘንድ ሥር የሰደደው የማሊኪ መዝሀብ፣ ማለትም የሸሪዓ አተረጓጎም ፈለግ፣ የእያንዳንዱ ሟች ወገን የሌላውን ሙሉ ካሳ ይክፈል ሲል፣ የሻፊዒ መዝሀብ ግን እያንዳንዱ ፈረሰኛ በገዛ ሞቱም እጁ አለበት ብሎ ካሳውን በግማሽ ቆርጦታል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲሰማ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2084 ያስታውስ ይሆናል፤ በዚያ አንቀጽ መሠረት ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ፣ የአንደኛው ነጂ ጥፋት ካልተረጋገጠ በቀር፣ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ተገምቶ ጉዳቱን ለሁለት ይካፈሉታል።

ከ1899 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. በዘለቀው የእንግሊዝና የግብፅ የጋራ አገዛዝ ሱዳን የምትዳኘው ከሕንድ በተቀዳ የወንጀል ሕግ ነበር፤ መኪናውም እንደ እንግሊዝ አገር በግራ ይሄድ ነበር። ኢትዮጵያ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ስትዞር ሱዳን የተከተለቻት በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዘመን የነበረው ማስረጃ የሰው ምስክርና ክሮኪ ሲሆን፣ ክሮኪ የኢትዮጵያ ትራፊክ ፖሊስ «ፕላን» ከሚለው ጋር የሚመሳሰል ንድፍ ነው፤ የመንገዱን ስፋት፣ የፍሬን ምልክቱን ርዝመት በሜትር፣ የመስታወቱ ስብርባሪ የወደቀበትን ቦታና የመኪኖቹን አቋቋም ያሳያል። ንድፉ የሚነሣው ግን ሁሉም ነገር ከቆመ በኋላ በመሆኑ፣ ከግጭቱ በፊት የነበሩትን ጥቂት ሰከንዶች ዳኛው ከምልክቶቹ እየገመተ መሙላት ነበረበት፤ ለሐሰተኛ ምስክርም ሰፊ በር የከፈተው ይኸው ክፍተት ነው።

የፕሬዚዳንት ኒሜሪ የሸሪዓ ድንጋጌዎች፣ የመስከረም ሕጎች የሚባሉት፣ በ1983 እ.ኤ.አ. ሲታወጁ ዲያ፣ ማለትም የደም ካሳ፣ ወደ መንግሥት ፍርድ ቤት ገባ። የ1991 እ.ኤ.አ. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 42 ዲያን ዕድሜያቸው የተለያየ መቶ ግመሎች ወይም ዋና ዳኛው በየጊዜው የሚተምነው የገንዘብ አቻ ያደርገዋል። ድርጊቱ የስህተት ግድያ ከተባለ በኋላ ካሳው በቸልተኝነቱ ክብደት አይለካም፤ ትንሽ የተዘናጋም ሆነ በከፍተኛ ፍጥነት የነዳ፣ መቶ ግመል መቶ ግመል ነው። ካሳው በነጂው ላይ ብቻ አይወድቅም፤ ዓቂላ የተባለው የአባቱ ወገን አብሮት ይሸከመዋል፤ አንቀጽ 45 ደግሞ የዓቂላን ትርጉም አስፍቶ መድን ሰጪውንና ሠራተኛው በሥራ ላይ ሳለ አደጋው ከደረሰ አሠሪውን ጨምሮበታል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ለውጥ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ቀድሞ የጎሳው የነበረ ሸክም ወደ ውል ተሻግሯልና። ምድሩም ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ በዓለም የመጀመሪያ የሚባለውን ኢስላማዊ የመድን ድርጅት የፈይሰል ኢስላማዊ ባንክ በ1979 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው በሱዳን ነው።

ከፍርድ ቤቱ ጎን ለጎን ጁዲያ የተባለው የሽምግልና ሥርዓት ይሠራል። ነጫጭ ጀለቢያ የለበሱና ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌዎች፣ አጃዊድ የሚባሉት፣ ለቅሶ ወደ ተቀመጠው የሟች ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ ድንኳኑ ውስጥ መዳፋቸውን ዘርግተው የፋቲሓን ጸሎት ካደረሱ በኋላ ካሳው እንዲቀነስ ወይም በምሕረት እንዲቀር ይለምናሉ፤ ሕጉም ይቅር የማለትን መብት ለወራሾቹ ይሰጣል። የነጂው ወገን የሚመጣው ጥፋቱን አምኖ ስለሆነ፣ እዚያ ማን አጠፋ የሚለውን ለማረጋገጥ መድከም አያስፈልግም፤ ክርክሩ ከተነሣ ዕርቁ ይፈርሳል።

በመኪና የፊት መስታወት ሥር የሚገጠመው ካሜራ የተወለደው በሌላ ዓይነት ማኅበረሰብ ነው። የሩሲያ ነጂዎች በሐሰተኛ ምስክርና በተንኮለኛ ካሳ ጠያቂ ተማርረው በሰፊው ይጠቀሙበት ስለነበር፣ በ2013 እ.ኤ.አ. በቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ የፈነዳውን የሰማይ ድንጋይ በአብዛኛው የቀረጹት እነዚሁ የመኪና ካሜራዎች ናቸው። መሣሪያው ቀረጻውን በጥቂት ደቂቃዎች ቁራጭ ያስቀምጣል፤ ካርዱ ሲሞላ አሮጌውን በአዲስ ይሸፍናል፤ ግጭት ሲሰማው ብቻ ያንን ቁራጭ እንዳይጠፋ ይቆልፈዋል። የሱዳን የ2007 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሮኒክ ግብይቶች ሕግ ለኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ በመርሕ ደረጃ በሩ ክፍት ነው። የካርቱም አየር ግን ለመሣሪያው አይራራም፤ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚደርስ ሙቀት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና የካሜራውን ባትሪ ያሳብጣል፤ ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሣም ምስሉ ላይ ቡናማ ጭጋግ ብቻ ይቀራል። ቀረጻው ጥርት ብሎ ሲገኝ የሚጠቅመው በዋናነት የንብረት ጉዳት በሚያከራክርበት ጊዜና ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ድርሻ በሚለይበት ቦታ ነው፤ ምክንያቱም ጉዳዩ የስህተት ግድያ መሆኑ ከጸና በኋላ የመቶ ግመሉን ተመን የሚያወጣው ምስሉ ሳይሆን ዋና ዳኛው ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በከተማይቱ ጦርነት ሲፈነዳ ነዋሪው ተበተነ፤ ከየግቢውና ከየጎዳናው በርካታ መኪኖች ተዘረፉ። ካሜራ የተገጠመለትም መኪና ተዘርፎ ሲነዳ ቀረጻውን የያዘው ካርድ አብሮት ይሄዳል።